ዝርጉን ሜዳ ማየት፦ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ከሐሙሲት እስከ ወረታ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ስልኩን ከኪሱ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ዘመን አካባቢ ሲደርስ ነው። እዚያ አሞራ ገደል የሚባለው ቀጥ ብሎ የቆመ ዐለት አለ፤ መኪናው ይቆማል፣ ሁሉም ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በፊት ያለው አገር ግን በእንቅልፍ ወይም በጨዋታ ይታለፋል። ከሐሙሲት ወዲያ የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ ወረታ፣ ከወረታም አልፎ እስከ ርብ ድረስ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ «ዝርግ ነው፣ ምን ይታይበታል?» ተብሎ የሚተው ነው። እኔ ግን አገርን በፎቶግራፍ ማየት ለሚማር ሰው በዚህ መንገድ ላይ ከሜዳው የተሻለ አስተማሪ የለም ባይ ነኝ። ምክንያቱን ላስረዳ።

የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ የሚባለው መሬትን፣ ውሃን፣ ሰማይንና ሰው በመሬት ላይ ያኖረውን ሥራ ዋና ጉዳዩ ያደረገ ፎቶ ነው። ተራራና ፏፏቴ ብቻ አይደለም። የሩዝ ማሳ፣ የገበያ ቦታ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ግማሽ ላይ የቆመ ፎቅ ሁሉ ከዚህ ይገባል። ሠርግ የሚያነሣ ሰው ቀለበት የሚደረግበት ቅጽበት ካመለጠው አመለጠው፤ መሬት ግን ነገም እዚያው ነው። ስለዚህ ይህ ሙያ ከቅልጥፍና ይልቅ መመላለስን ይጠይቃል። አንድ ቦታ መርጦ፣ ከዚያው ቦታ፣ ወደዚያው አቅጣጫ፣ በየወቅቱ እየተመለሱ ማንሳት ነው ዋናው ትምህርት። ለፎገራ ደግሞ ይህ ዘዴ ልክ የተሠራለት ይመስላል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መልኩን የሚለዋውጥ አገር ብዙ የለም።

ሜዳውን ሜዳ ያደረገው ውሃ ነው። ጉማራና ርብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራና ከአካባቢው ደጋ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በቁልቁለቱ ጠርገው ያመጡትን አፈር ዝርጉ መሬት ላይ ሲደርሱና ጉልበታቸው ሲደክም ይጥሉታል። ጣና ራሱ ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻውም ዝርግ በመሆኑ ውሃው በጥቂቱ ከፍ ሲል ብዙ መሬት ይሸፍናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለውን ጎርፍ የአካባቢው ሰው አይረሳውም።

በሰኔ ሜዳው ጥቁር ነው፤ ዋልካው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። በሐምሌና በነሐሴ ውሃና ሰማይ ይቀላቀላሉ። በመስከረም አረንጓዴ ነው፤ ወደ ኅዳር ሲቃረብ ሩዙ ወርቅማ ይሆንና አጨዳ ይጀመራል፤ ከዚያ ነዶው፣ ክምሩ፣ አውድማው ይከተላል። ሩዙ እንደተነሣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ወንዝ አጠገብ ያለው ገበሬ ደግሞ ውሃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት ያለማል። መጋቢት ላይ ያልለማው መሬት እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል። እነዚህ ሁሉ ከአንድ የቆሙበት ቦታ የሚነሡ ፎቶዎች ናቸው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ የማያውቃቸው ሰው የአንድ ማሳ ናቸው ብሎ አያምንም።

ቀረብ ብሎ ማየትም ያስፈልጋል። በመስከረም ማለዳ ማሳው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ውሃ ሳይሆን ጭቃ ነው፤ ውሃው እንዳይፈስ በእጅ የተደለደለው ጠርዝ፣ ትናንት የፈረሰበት ቦታ በአዲስ ጭቃ ተለጥፎ የገበሬው የአምስት ጣት ምልክት እስከነ መስመሩ ቀርቶበታል። ከጠርዙ ወዲያ የበሬ ኮቴ የጎደጎደበት ቦታ ውሃ አቁሯል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ የየራሱን ቁራጭ ሰማይ ይዟል። ውሃው ጠርዙ ዘንድ ደፍርሶ ቡናማ ነው፤ መሐል ላይ ጠርቶ የሩዙን አገዳ ሥር ያሳያል። ከዚያ ቀና ሲሉ ያው ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ይታያል። ጥሩ የሜዳ ፎቶ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል፤ ከፊት ጣት የነካው ጭቃ፣ ከኋላ ማለቂያ የሌለው አረንጓዴ። ዝርግ አገር በፎቶ ባዶ የሚመስለው ፎቶ አንሺው ቆሞ ሩቁን ብቻ ሲያነሣ ነው። ዝቅ ብሎ የቅርቡን ነገር ከፊት ሲያስገባ ግን ርቀቱ ራሱ መታየት ይጀምራል።

ይህ ሩዝ ከጥንት የነበረ የሚመስለው ወጣት ብዙ ነው። አይደለም። ሩዝ ከመግባቱ በፊት የፎገራ ስም የሚነሣው በከብቷ ነበር፤ የፎገራ ከብት የሚባለው ዝርያ የዚህ ሜዳ የግጦሽ ልጅ ነው። ሩዝ በስፋት የገባው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራቾች ማኅበራት ማሳ ላይ ነው። እስካሁን ገበሬው የሚዘራው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። በአንድ ትውልድ ዕድሜ የግጦሽ ሜዳ የሩዝ ማሳ ሲሆን፣ ለውጡን ከአንድ ቦታ በየዓመቱ ያነሣ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ምን ያህል በተማርንበት! እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ጣናን ዞሮ ካርታውን አንሥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመውም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የተጻፈ መጽሐፍ ፎቶግራፎች አሉት። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው፤ ያነሡትም እንግዶች ናቸው።

ከአንድ ቦታ ደጋግሞ ማንሳት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከአገራችን ግሩም ምሳሌ አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶች ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ፎቶ የሚነሣው በመስታወት ላይ ነው፤ መስታወቱ በመድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣትና መታጠብ ስላለበት ጨለማ ድንኳኑም ጠርሙሱም በእንስሳ ተጭኖ ይሄዳል። ከባሕር ጠረፍ ጀምሮ በትግራይና በወሎ በኩል የታዩትን ሸለቆዎችና አምባዎች አነሡ። ከ140 ዓመት በኋላ ከቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጭምር፣ እነዚያን ፎቶዎች ይዘው ሄደው የመጀመሪያው ካሜራ የቆመባቸውን ቦታዎች ፈልገው እንደገና አነሡ። ውጤቱ የብዙ ሰውን ግምት ነቀነቀ። መሬቱ ከ140 ዓመት በፊትም በእጅጉ የተራቆተ ነበር፤ አፈር በመጠበቅና ዛፍ በመትከል በብዙ ቦታ ኋላ ላይ የተነሣው ፎቶ የተሻለ ዕፅዋት ያሳያል። በፊተኞቹ ፎቶዎች ላይ ባሕር ዛፍ የለም፤ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነውና። «ድሮ ሁሉም ጫካ ነበር» የሚለውን ወሬ አንድ ጥንድ ፎቶ እንዲህ ይፈትነዋል። ሠራዊቱ በዚህ በኩል ስላላለፈ ፎገራ ከዚያ ሥራ ውስጥ የለችበትም፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

የቀድሞውን ቦታ እንዴት ያገኙታል? ብልሃቱ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል ነው። በፎቶው ላይ አንድ ቅርብና አንድ ሩቅ ነገር ይመረጣል፤ ለምሳሌ አንድ ዐለትና ከኋላው ያለ የተራራ ጫፍ። ጫፉ ከዐለቱ በስተቀኝ ይታይ ከነበረና አሁን በስተግራ ከታየ፣ ሁለቱ በፎቶው ላይ እንደነበሩት እስኪሰለፉ ድረስ ወደ ጎን መሄድ ነው። ሌላ ጥንድ ይመረጥና እንደገና ይደረጋል፤ ሁለቱም ጥንዶች ሲሰለፉ የቆሙበት መሬት የድሮው ካሜራ የቆመበት ነው። ወቅቱና ሰዓቱም መመሳሰል አለበት፤ የመስከረምን ማሳ ከመጋቢት ጋር አነጻጽሮ «አገሩ ደረቀ» ማለት ስሕተት ነው። ፎገራ ላይ ዐለት የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶና የምሥራቁ ኮረብታ ጫፍ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ወንዝን ግን ምልክት ማድረግ አያዋጣም፤ ጉማራ እንኳ በአንድ ቦታ አይቆምም። ተመራማሪዎች የድሮ የአየር ፎቶግራፎችን ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው ወንዙ አቅጣጫውን ሲለውጥ፣ ያመጣው ደለልም መግቢያው ላይ ሐይቁን እየሞላ መሬት ሲያበቅል አይተዋል።

አሁን ወደ ብርሃን ልግባ፤ የዚህ ሙያ ግማሹ እሱ ነውና። ሐሙሲትና ወረታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይገኛሉ። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 13 እና ነሐሴ 16 አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትውላለች። እኩለ ቀኑም 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ በሚያልፈው 45ኛ ኬንትሮስ ስለሆነ ነው። በዚያ ሰዓት ጥላ ከእግር በታች ይገባል። ሜዳን በፎቶ የሚያሳየው ደግሞ ጥላ ነው፤ ትልሙ፣ የማሳው ጠርዝ፣ የከብት ዱካው ሁሉ የሚታየው እያንዳንዱ ትንሽ ከፍታ ጥላ ሲጥል ነው። ቀትር ላይ ያ ሁሉ ይጠፋና ሜዳው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ማለዳ እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ወዲህ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ በእኛ አገር ቶሎ ይመሻል፤ አውሮፓ ውስጥ እንዳለው ረጅም ድንግዝግዝ የለምና ቀድሞ ቦታ መያዝ ይገባል።

የአካባቢው አቀማመጥ ደግሞ ልዩ ነው። ጣና በምዕራብ፣ ደጋው በምሥራቅ ነው። ማለዳ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስለምትወጣ ኮረብታዎቹ ጥቁር መስመር ሆነው ይታያሉ። ማታ ወደ ሐይቁ በኩል ትጠልቃለች። መጥለቂያዋም አንድ ቦታ አይደለም፤ ከወረታ ሜዳ ሆኖ ለሚያይ፣ በታኅሣሥ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ይጠጋል፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ብዙ ይርቃል። አብዛኛው ሰው የምትጠልቀውን ፀሐይ ብቻ ያነሣል። ዞር ብሎ ጀርባውን የሚያይ ግን የመጨረሻው ብርሃን የምሥራቁን ኮረብታ፣ የገለባ ክምሩን፣ ወደ በረት የሚመለሰውን ከብት ፊት ለፊት ሲመታው ያገኛል። የእኔ ምርጫ ዘወትር ይህኛው ነው።

አየሩም በወቅት ይለያያል። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት፣ ዝናብ አቧራውን አጥቦታልና የሩቅ ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከጥር ወዲያ አቧራና ጭስ ይበዛል፤ ኮረብታዎቹ እየደበዘዙ አንዱ ከሌላው ጀርባ ይደረደራሉ። ሁለቱም መልክ አላቸው። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ክሬን የሚባሉት ረጅም እግር ያላቸው ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሽሽት ይመጣሉ፤ በወላላና በሸሸር ረግረጎችና በታጨዱት ማሳዎች ላይ እህል ሲለቅሙ ይታያሉ። ለእነሱ ሲባል መቅረብ አያስፈልግም። ተረብሸው ከተነሡ ጉልበታቸውን በከንቱ ይጨርሳሉ፤ በሩቅ ከሜዳው ጋር አብረው ቢነሡ ይበልጥ ያምራሉ።

አንድ ነገር በብርቱ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። ፎቶ ብቻውን ያሳስታል። የጣና ዳርቻ አረንጓዴ ምንጣፍ የለበሰበት፣ ሐምራዊ አበባ ያለበት ፎቶ ለማያውቅ ሰው ውበት ነው፤ ለአሣ አጥማጁና ለገበሬው ግን እምቦጭ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታወቀው ይህ አረም የከፋው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በዚሁ በፎገራና በጎረቤቶቿ በኩል ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግበው አረሙ እዚያው ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ቦታው፣ ቀኑ፣ የታየውም ነገር ምንነት ይጻፍ። ስም የሌለው ፎቶ ከጊዜ በኋላ ያማረ ወረቀት ብቻ ነው።

ከተማም እንደ ማሳው እየተመላለሱ የሚያነሡት ነው። ሐሙሲት በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያደገች ከተማ ነች። ከፊት ያለው የሱቅ መስመር ይታያል፤ ሸራ የወጠረ ሻይ ቤት፣ የተደረደሩ ባጃጆች፣ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የታሰረ ፎቅ፣ ከላዩ ወደ ሰማይ የቀረ ብረት። ከኋላ ግን ሁለት ሦስት ቤት አለፍ እንዳሉ ጓሮና ማሳ ይጀምራል። ከተማዋን ከመንገዱ ብቻ የሚያነሣ ሰው ይህን ያጣዋል። ከጀርባ ሆኖ፣ ከማሳው ወደ ቆርቆሮው አሻግሮ ማንሳት ከተማው በየት በኩል ወደ እርሻው እየገባ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። ወረታ ላይ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደው፣ የቻይና መንገድ የሚባለው ይገነጠላል፤ ደረቅ ወደቡ መጥቷል፣ የሩዝ መፈልፈያው በዝቷል፣ የመኪናውም ብዛት ጨምሯል። መገንጠያውን ከአንድ በረንዳ ላይ በየዓመቱ በአንድ ቀን ማንሳት ብቻ የከተማውን ታሪክ ይጽፋል።

ይህን በቁም ነገር የያዘ ኢትዮጵያዊ አለ። ሚካኤል ጸጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመረቀ ሠዓሊ ነበር፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ፎቶግራፍ ዞረ። የሚፈርሰውንና የሚሠራውን አዲስ አበባ «የወደፊት ትዝታዎች» በሚል ርዕስ በተከታታይ ሥራ አንሥቶታል። ፓሪስ ውስጥም ከዚያ አንድ መቶ ኀምሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሻርል ማርቪል የሚፈርሱትን የድሮ ጠባብ መንገዶች ሳይፈርሱ እንዲያነሣ በከተማው አስተዳደር ተቀጥሮ ነበር፤ ዛሬ ያቺን ፓሪስ የምናውቃት በእሱ ፎቶ ነው። የአዲስ አበባዋ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ስትፈርስ ብዙ ሰው የድሮ ፎቶ ፍለጋ ወደ አልበሙ ሮጧል፤ ያገኘው ግን አብዛኛው የራሱን ፊት ነው፣ መንገዱ ከትከሻው በላይ ጥቂት ብቻ ይታያል። ትንንሽ ከተሞች ደግሞ ያ እንኳ የላቸውም።

ለዚህ ሁሉ ስልክ ይበቃል። ሌንሱ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ በኪስ ውስጥ የላበ ሌንስ ሁሉንም ጉም ያስመስላል። በጣት እየሳቡ ማቅረብ ምስሉን ያበላሻል፤ በእግር መቅረብ ይሻላል። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ከወጣ በማያው ላይ ብሩህ የሆነውን ቦታ ጣትን አስደግፎ ይዞ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ነው። መለኪያ መስመሮቹን አብርቶ የሰማይና የምድሩን መገናኛ ማቃናት ያስፈልጋል፤ በሜዳ ላይ ትንሽ መዝመም እንኳ ሐይቁን የሚደፋው ያስመስላል። መገናኛውን መሐል ላይ ማድረግ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ደመናው ካማረ ምድሩን ዝቅ፣ ማሳው ካማረ ሰማዩን ማሳጠር ነው።

አሁን ባለው ጊዜ ካሜራ የያዘ ሰው በጥርጣሬ ሊታይ ይችላል። ድልድይን፣ ኬላን፣ ወታደራዊ ቦታንና ግድብን አለማንሳት፣ ከማሳ መግባት ሲያስፈልግም ባለቤቱን ማስፈቀድ ይገባል። «እንደምን ዋሉ አባባ፣ ማሳዎን ላነሣ ነበር» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ብዙ ጊዜ ፈቃዱን ብቻ አያገኝም፤ ማሳው አምና በየት በኩል በውሃ እንደተዋጠ፣ ጠርዙ ስንት ጊዜ እንደተሠራ አብሮ ይሰማል። ያም ይጻፍ። ፎቶው በስልክ ውስጥ ብቻ ከቀረ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ውሃ ሲገባበት አብሮ ይጠፋል። ዋና ዋናዎቹን በዓመት አንዴ በወረቀት አሳትሞ ከጀርባው ቦታውን፣ አቅጣጫውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ መጻፍ፣ አንዱን ቅጂ ለማሳው ባለቤት መስጠት፣ አንዱን ደግሞ በከተማው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኖር ይቻላል። ሲጻፍም ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ኋላ ላይ ጥንዱን ሊያነሣ የሚመጣው ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እሱን ነው።